የወጥ ቤታችን ቧንቧ

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ቀን ቀን አይሰማም። ቀን የልጆች ጩኸት አለ፣ የጎረቤት ሬዲዮ አለ፣ የሚወቀጥ ቡና አለ፤ ጠብታው እዚያ ውስጥ ይዋጣል። ከሌሊቱ ሰባት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሰፈሩ እርጭ ሲል ነው ከወጥ ቤት ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚለው። የእኛ ሰፈር ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። በሌላው ቀን ግቢ ውስጥ ብረት ቆጥ ላይ ከሰቀልነው ሮቶ እየቀዳን እንኖራለን።

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። «ልብ ብለሃል? ይሄ ቧንቧ የሮቶውን ውሃ ይይዛል፤ የመስመሩ ውሃ ሲመጣ ነው የሚያንጠባጥበው» አለችኝ አንድ ጠዋት። እውነትም እንደዚያ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ውሃ የሚገፋው በቆመበት ከፍታ ልክ ነው፤ አሥር ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። የእኛ ሮቶ ከቧንቧው ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ግፊቱ የአንድ ባር ሲሶ ቢሆን ነው። የመስመሩ ውሃ ግን ከኮረብታ ላይ ማጠራቀሚያ የሚወርድ ነው። ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ የሚቀዳ ሲጠፋ ደግሞ ይበልጥ ይበረታል። ውስጡ ያለው ጎማ ያረጀ ቧንቧ ደካማውን ግፊት ይችላል፣ ብርቱው ሲመጣ ግን ውሃው ሾልኮ ያልፋል። ባለቤቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር በሽታውን ለይታ አስቀመጠችው፤ ቧንቧው አልተሰበረም፣ ጎማው ነው ያለቀው።

እስኪሠራ ድረስ ከቧንቧው አፍ ላይ ክር አሰረችበትና ጫፉን ባልዲ ውስጥ ለቀቀችው። ጠብታው ክሩን ተከትሎ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። እንቅልፍ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም፤ ከእናቷ የተማረችው ነው። እኔን ግን ድምፁ ከጠፋ በኋላም እንቅልፍ አልወስደኝ አለ፤ ውሃው መፍሰሱን አውቃለሁና። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ይጥላል። ጠብታው ወፈር ያለ ሆኖ አራቱ አንድ ሚሊ ሊትር ቢሞሉ፣ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ21 ሊትር በላይ ነው። ሃያ ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው። ሳያቋርጥ ወር ሙሉ ቢንጠባጠብ 650 ሊትር ይጠጋል፤ ከሦስት በርሜል ይበልጣል። የአንድ ወጥ ቤት፣ የአንድ ቧንቧ ሒሳብ ነው ይሄ።

እኔ ያደግሁት በቦኖ ውሃ ነው። በእኔ ዕድሜ ያሉ የአዲስ አበባ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። ጎሕ ሲቀድ እናቶቻችን ዕቃ ያሰልፋሉ፤ እንስራ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ጀሪካን፣ አንዳንዴም ቦታ ለመያዝ ብቻ የተቀመጠ ድንጋይ። ውሃ አስቀጂው መጥቶ ቁልፉን ከፍቶ እስኪያስቀዳ ፀሐይ ትወጣለች። የእናቴ ወገብ ላይ የእንስራ ማዘያው ገመድ ያረፈበት ቦታ እስከ እርጅናዋ ድረስ ያማት ነበር። ቤታችን ቧንቧ የገባ ዕለት ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ተፈላ። እናቴ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ቧንቧ ስትዘጋ አፉን በመዳፏ ዳብሳ ደረቅ መሆኑን ሳታረጋግጥ ከወጥ ቤት አትወጣም ነበር። በእንዲህ ያለች ሴት እጅ አድጌ ውሃ ሲፈስ እየሰማሁ ልተኛ አልችልም።

ደግሞም ይህ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ማሰብ ነው። በ1880ዎቹ ስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ ሲያወርድ፣ የከተማው ሕዝብ ገና ከምንጭና ከወንዝ ይቀዳ ነበር። ከዚያ በኋላ በስተምዕራብ ገፈርሳ ተገደበ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስተምሥራቅ ለገዳዲ ተጨመረ፤ በደቡብ ደግሞ የአቃቂ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። አቃቂ ከከተማዋ ዝቅተኛ ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ከዚያ የሚወጣው ውሃ ወደ መሀል ከተማ የሚደርሰው በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ ነው። የግድቡም ውሃ ተጣርቶ፣ ታክሞ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ አልፎ እኔ ወጥ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው እንግዲህ ጎማ ስላለቀ የሚፈሰው።

እንግዳ ሁሉ ሐኪም ነው። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው እጁን ሊታጠብ ይነሣና ጠብታውን ሲያይ ቧንቧውን ባለ በሌለ ኃይሉ ያጠብቀዋል። ጠብታው ለጊዜው ይቆማል፤ እንግዳውም ደስ ብሎት ይቀመጣል። ውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነቱ በመጠምዘዝ የሚዘጋ ቧንቧ ውስጥ በጥርስ የሚወርድና የሚወጣ ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ጫፍ ክብ ጎማ ተገጥሟል፤ ጎማው ውሃው በሚያልፍበት ቀዳዳ ከንፈር ላይ ሲቀመጥ ውሃው ይዘጋል። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዝ አገር ሮዘራም ከተማ የነበረው የጌስትና ክራይምስ ፋብሪካ በ1845 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጣበት ነው፤ እስከ ዛሬም ሐሳቡ ያው ነው። ጎማው ሲደርቅ በኃይል ባጠበቅነው ቁጥር ይሰነጠቃል። ጎማው ካለቀ በኋላ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ የቀዳዳው ከንፈር ይቦረቦራል። ያን ጊዜ አዲስ ጎማ ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ ሰው ቤት ሄዳችሁ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ብታዩ እባካችሁ አታጥብቁት፤ ለባለቤቱ ንገሩት።

ጎማ ፍለጋ ወጣሁ። ዘንድሮ የሰለጠነው ሁሉ ሙሉውን መለወጥ ነው። በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ «የቧንቧ ጎማ አለ?» ስል ልጆቹ ግራ ይጋባሉ። አንዱ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ጎማ ለብቻው አይመጣም፤ ሙሉውን ይውሰዱ። ዋጋውን አስተካክልልዎታለሁ» አለኝና የሚያብረቀርቅ ቧንቧ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ቀለለኝ። የእኛ ቤት ቧንቧ ነሐስ ነው፤ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ግድግዳው ላይ አለ፤ ከላይ ኒኬሉ ተልጦ ቢጫው ቢታይም አካሉ ላይ አንድ ስንጥቅ የለም። የልጁ ቧንቧ ግን ከውጪ ኒኬል የተቀባ ቀላል ብረት ነበር። እንዲህ ያለው ጥርሱ ቶሎ ይበላል፤ ከተበላም መጠገኛ የለውም። ነሐስ ክብደቱ እጅ ላይ ይታወቃል፤ ቧንቧ የምትገዙ ሰዎች ከማብረቅረቁ በፊት በመዳፋችሁ መዝኑት። አንዲት የጎማ ክብ ጠፍታ ነሐስ አውልቆ መጣል፣ የአባቴ መሆኑ ቢቀር እንኳ፣ ለእኔ ነውር ነው።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ምናለሽ ተራን የማያውቅ ሰው ቆሻሻ የተከመረ ይመስለዋል። እኔ ግን በከተማችን ውስጥ ዕቃ በዕውቀት ተለይቶ የሚቀመጥበት ቦታ እዚያ ይመስለኛል። አንድ ጎልማሳ በወተት ቆርቆሮዎች ውስጥ ብሎኑን ለብቻ፣ ዳዶውን ለብቻ፣ የቧንቧውን ሆድ ዕቃ ለብቻ አድርጎ ተቀምጧል። የቧንቧዬን ዓይነት ስነግረው «ባለ ግማሽ ኢንቹ ነው?» አለ። ነው አልኩት። ከአንዱ ቆርቆሮ ሦስት ጎማ አወጣ፤ ሁለቱን በጥፍሩ ጫን ጫን አድርጎ መለሳቸው፤ ሦስተኛውን ሰጠኝ። «እነዚያ ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጡ ናቸው፣ ለስላሳ ስለሆኑ ቶሎ ይበላሉ። ይሄ ጠንካራ ነው፣ ሙቅ ውሃም ይችላል» አለኝ። የከፈልኩት ገንዘብ ከታክሲዬ ያንስ ነበር። ሌላም ዕቃ ያስፈልገኝ እንደሆነ ጠየቀኝና ቴፍሎን ጨመርኩ።

የመጀመሪያው ሥራ ውሃውን መዝጋት ነው። ከቆጣሪው ወዲህ፣ በቤቱ መስመር ላይ ክብ እጀታ ያለው መዝጊያ አለ። የእህቴ ልጅ ሊያግዘኝ መጥቶ ነበርና እሱ ጎንበስ ብሎ ማዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ፣ ማብቂያ ግን የለውም። «አጎቴ፣ ይሄ ነገር ዝም ብሎ ነው የሚዞረው» አለኝ። መዝጊያው ለዓመታት ሳይነካ ስለቆየ እጀታው ቢዞርም ውስጡ ያለው በር ከዘንጉ ተላቆ ቀርቷል፤ ሳይዘጋ የሚዞር መዝጊያ ሆኗል። እንዲህ ዓይነቱን መዝጊያ በብዙ ግቢ አይቻለሁ። ማንም አይነካውም፤ የሚፈለግበት ቀን ሲመጣ ግን ሥራውን ረስቷል።

ስለዚህ ውሃ የማይመጣበትን ቀን መጠበቅ ነበረብን። ጠበቅን። በፈረቃው መሠረት የእኛ ተራ ገና ነበር፤ ያለፈው ውሃም ከሄደ ቆይቷል። የሮቶውን መዝጊያ ዘጋን፤ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ውሃ ደግሞ ግቢው ውስጥ ባለው ዝቅተኛ ቧንቧ ለቀቅነው። ከዚያ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ትልቅ መፍቻ ይዘን ወጥ ቤት ገባን። ከእጀታው አናት ላይ ያለችውን ክዳን በቢላዋ ጫፍ አነሣን፤ ከሥሯ ያለውን ብሎን ፈታን፤ እጀታው ወጣ። ዘንጉን የያዘው ዳዶ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ነጭ ጋዝ አንጠባጥበንበት ሻይ ጠጥተን ተመለስን። አንዱ መፍቻ የቧንቧውን አካል ይዞ፣ ሌላው ዳዶውን እየፈታ መሠራት አለበት፤ አለበለዚያ ኃይሉ ሁሉ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። እኛም እንደዚያው አደረግን። ልጁ ያዘ፣ እኔ ፈታሁ።

የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር። ቧንቧው ከነአንገቱ እጃችን ላይ ቀረ። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረችው አጭር የብረት ቱቦ ከውስጥ በዝገት ተበልታ አልቃ ኖሯል፤ ጠርዟን በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈር ነበር። ግማሿ ከቧንቧው ጋር መጣ፣ ግማሿ ግድግዳው ውስጥ ቀረ። ልጁ ደነገጠ። «አይዞህ፣ ውሃ የለም» አልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ከግድግዳው ውስጥ የንፋስ ድምፅ መጣ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ውሃ ከመምጣቱ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው አየር እየተገፋ ሲወጣ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን የደስታ ድምፅ ነበር። ከፈረቃው ውጪ፣ በቀትር ውሃ መጣ። መጀመሪያ ፉጨት፣ ቀጥሎ ቀይ ጭቃ የመሰለ ውሃ፣ ከዚያ ጥርት ያለው፤ ከግድግዳው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ማዶ ያለውን መደርደሪያ መታ። ልጁ በመዳፉ ሊደፍነው ሞከረ፤ ውሃው በጣቶቹ መሀል ሾልኮ ጣሪያ ነካ። ባለቤቴ ሮጣ ገብታ የጤፍ ዱቄቱን ከረጢት ከወለሉ አነሣች። የሽሮው ክክ ግን አልተረፈም፤ ግማሹ ራሰ።

በር ላይ ጎረቤታችን እማማ ብቅ አሉ። ጫማቸውን አውልቀው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ቆሙ። እኔ ወቀሳ ጠበቅሁ፤ እሳቸው ግን የሚፈሰውን አይተው ወደ ግቢው ዞር ብለው ተጣሩ። «ኧረ ጀሪካን አምጡ! ያለውን ሁሉ አምጡ! ይሄ ውሃ ሜዳ ላይ አይፈስም!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ የአትክልቱን ጎማ አምጣና አፉ ላይ አልብሰው» አሉኝ። የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ከተሰበረው ቱቦ አፍ ላይ አለበስነው፤ ዙሪያውን በጨርቅ ጠቅልለን በሽቦ አሰርነው። ሙሉ በሙሉ ባይይዝም አብዛኛው ውሃ በጎማው ሄደ። ጫፉን በመስኮት አወጣነው። እዚያ ሥር ከየቤቱ የመጣው ዕቃ ተሰለፈ፤ ጀሪካን፣ በርሜል፣ ሳፋ፣ የልጆች መታጠቢያ ሳይቀር። የኋላ ክፍል ተከራዮች ውሃ ካለቀባቸው ሰንብተው ነበር፤ በርሜላቸው ሞላ። እማማ ተራ እያስከበሩ ቆሙ። ሁለት ሴቶች የሚያጥቡትን ልብስ ይዘው መጡ። የእኛ መስኮት ለግቢው ቦኖ ሆነ።

ይህን ስጽፍ ዛሬም ልቤ ይሞላል። ወጥ ቤቴ በውሃ ተጥለቅልቆ ሳለ የግቢው ሰው መጀመሪያ ያሰበው ያን ውሃ እንዴት እናትርፈው ብሎ ነው። ወለሉን የጠረጉልኝም እነሱ ናቸው። የራሰውን ክክ ሴቶቹ ሰፌድ ላይ አስጥተው ተራ በተራ ሲያገላብጡት ዋሉ፤ አብዛኛው ዳነ።

ዕቃው ሁሉ ሲሞላ ውሃውን ማቆም ነበረብን። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው መስመር የውሃ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ እኛ የምንነካው አይደለም። ደወልን፤ ሰው እስኪመጣ ግን ጊዜ ይወስዳል። ልጁ ከመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ በቢላዋ ሾጠጥ ያለ ውታፍ ቀረጸ፤ በጨርቅ ጠቅልለን በመዶሻ መታነው። ያዘ። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ እየዋለ ሲሄድ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ይህንን ሁሉም ቤት ቢያውቀው ጥሩ ነው። በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ሠራተኛ በውጪ በኩል ዘጋልን።

እማማ የሚያውቋቸው አንድ ሽማግሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፣ ለሰው ግን እንቢ አይሉም። ሲመሽ መጡ። ግድግዳውን በባትሪ አዩት፤ ውታፉን ነካ ነካ አድርገው «ይሄን ማን ቀረጸው?» አሉ። ልጁ አፍሮ እጁን አወጣ። «ጥሩ ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሥራ በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ አይቶ የጻፈው ሰው ጥቂት ነውና።

ግድግዳው ውስጥ የቀረችውን ቁራጭ ለማውጣት መፍቻ አያገለግልም፤ የሚያዝ ነገር የላትም። ሽማግሌው የብረት መጋዝ ምላጭ ለብቻው አወጡና አንዱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው ያዙት። ቁራጯን ከውስጥ በኩል ቀስ እያሉ በሁለት ቦታ ሰነጠቋት። አስቸጋሪው ልኩ ነው፤ ምላጩ ቁራጯን አልፎ የውጪውን ቱቦ ጥርስ ከነካ ግድግዳው ሁሉ መፍረስ አለበት። በጆሯቸው ነበር የሚሠሩት። የመጋዙ ድምፅ ሲለወጥ አቆሙ፤ በካቻቢቴ ጫፍ መታ አደረጓት፤ ቁራጯ ወደ ውስጥ ታጥፋ ወጣች። የውጪው ጥርስ ደህና ነበር። አዲስ አጭር ቱቦ አስገቡ። እኔ ቴፍሎኔን ሳቀርብ ተቀብለው ከጥርሱ ዙሪያ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠመጠሙት። «ወዲህ ከጠመጠምከው ስታጠብቀው ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ወዲያ ነው» አሉት ለልጁ እያሳዩት። ድሮ ቴፍሎን ሳይመጣ ቃጫና ቀለም ነበር የሚጠቀሙት፤ ለትልቅ ቱቦ ዛሬም እሱን እንደሚመርጡ ነገሩን።

ወደ ነሐሱ ቧንቧ ደግሞ ዞሩ። የወጣው ጎማ ግማሽ ጨረቃ ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። አዲሱን ልግጠም ስል እጄን ያዙኝ። «ቆይ ልጄ። መጀመሪያ መቀመጫውን በጣትህ ዳብሰው» አሉኝ። ዳበስኩት፤ የቀዳዳው ከንፈር ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ አለ። አሸዋና ዝገት ሲመላለስበት ውሃው ራሱ የቀደደው ነው። ከቦርሳቸው በእጅ የሚዞር ትንሽ መላጊያ አወጡ፤ ጥርስ ያለው ክብ ብረት ነው፣ ቧንቧው አናት ላይ ይታሰርና ዝቅ ብሎ ከንፈሩን ይልጋል። ጫን ሳያደርጉ ዞር ዞር አደረጉት፤ ደግመው በጣታቸው አዩት፤ ለእኔም ለልጁም አስዳሰሱን። ቦዩ ጠፍቷል። ያን ጊዜ ጎማው ተገጠመ። ያ መሣሪያ ከልጅነታቸው ጀምሮ በእጃቸው ያለ ነው፤ እሱን የያዘ ቧንቧ ሠራተኛ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ባለ ክብ እጀታው የማይዘጋው መዝጊያም ተነሥቶ በአንድ ሩብ ዙር የሚዘጋ ባለ ኳስ መዝጊያ ተተካ። ይሄኛው እጀታው ከቱቦው ጋር ሲስተካከል ክፍት ነው፣ ሲጋደም ዝግ፤ በጨለማም በእጅ ይታወቃል።

ስለ ቀዩም ውሃ ጠየቅኳቸው። ፈረቃ ባለበት ሰፈር ቧንቧ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው አሉኝ። ውሃው ሲሄድ ቱቦው ባዶውን ይቆያል፤ አየር ሲገባበት ይዝጋል፤ ውሃው ሲመለስ ዝገቱንና አሸዋውን ጠርጎ ያመጣል። የመጀመሪያው ውሃ በወጥ ቤት ወይም በመታጠቢያ ቤት ቧንቧ እንዲያልፍ መፍቀድ አይገባም። ግቢው ውስጥ ባለው ቧንቧ አስቀድሞ ወደ ባልዲ መልቀቅ፣ ጥርት ሲል የቤቱን መክፈት ነው። የመጀመሪያው ባልዲ ለአትክልት ይሆናል። በተለይ ዛሬ በየቤቱ የገባው፣ እጀታው ከፍ ዝቅ የሚለው ቧንቧ ውስጡ የሸክላ ዲስክ ስለሆነ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ብትገባበት ትቧጥጠዋለች። በየጊዜው ከቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትቶ ማጠብም እንዲሁ ያስፈልጋል።

ሂሳብ ስንጠይቃቸው የጠሩት ዋጋ አሳፈረኝ፤ ጨምረን ሰጠናቸው። ይህን ያህል የሚያውቅ እጅ በየሰፈራችን አለ፤ እኛ ግን የምንጠራው ጎርፍ ሲገባ ብቻ ነው። ልጆቻችን ዲግሪ ይዘው ሥራ ሲፈልጉ እነዚህ ሽማግሌዎች ደግሞ ዕውቀታቸውን የሚቀበል ይፈልጋሉ። ቢሮ ውስጥ ወረቀት የሚያገላብጥን ሰው ብድግ ብለን እንቀበላለን፤ የመላ ግቢያችንን ውሃ የመለሰልንን ሰው በጓሮ በር እናስገባለን። ይህ መቅረት አለበት። የእህቴ ልጅ በዚያው ሳምንት ስልካቸውን ጠየቀኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦርሳቸውን ይዞላቸው ይሄዳል፤ ከኮሌጅ የሚያገኘው ትምህርት ስላለ አላስገደድኩትም፣ ራሱ ወዶ ነው። መላጊያውን አንድ ቀን እንደሚሰጡት ቃል ገብተውለታል።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ዛሬ ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተህ፣ ወደ ሮቶ የሚገባውንም ዘግተህ ቆጣሪህን አንብብ፤ ማንም ሳይቀዳ ጠዋት ደግመህ አንብበው። ሌሊቱን መስመሩ ላይ ውሃ ኖሮ ቁጥሩ ከፍ ካለ አንድ ቦታ ይፈሳል፤ ቧንቧው ካልሆነ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ነው፣ እሱ ካልሆነ መሬት ውስጥ ያለው ቱቦ። ከዚያ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ሂድና ዝጋው። ከዘጋኸው በኋላ የሮቶውንም መዝጊያ ዘግተህ፣ መስመሩ ላይ ውሃ እያለ ከቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ክፈትና ውሃው መቆሙን አረጋግጥ። ካልቆመ ሌላ ምንም ነገር ሳትነካ መዝጊያውን አስለውጥ። ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ለልጆችም ጭምር፣ የት እንዳለና ወዴት እንደሚዞር አሳያቸው።